ሹክር በእጅም ይሠራል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዒድ ሲቃረብ ከመስጂድ ስንመለስ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ለቤተሰብ ምን ይዘህ ልትገባ ነው?» እንባባላለን። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ አንድ ካርቶን ብስኩት፣ አንዱ የላስቲክ አበባ፣ አንዱ «ዒድ ሙባረክ» የሚል የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ ይገዛል። ብር ያጠረው ደግሞ ከቴሌግራም ያገኘውን ምስል ለእናቱም፣ ለአክስቱም፣ ለክፍል ጓደኛውም በአንድ ጊዜ ይልካል። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ለሦስት ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ስጦታ መስጠት የሚወደድ ነገር ነው። መልካም ምኞትም በስልክ ቢመጣ ያው መልካም ምኞት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ግን አንድ ሌላ ሐሳብ ላቀርብላችሁ እፈልጋለሁ። ለዘንድሮው ዒድ ማዕድ የምትሆን አንዲት ትንሽ ነገር ከቤተሰባችን ጋር ተቀምጠን በእጃችን እንሥራ። ትልቅ ሞሰብ አላልኩም፤ የዒድ ጠዋት ተምር የሚቀርብባት፣ የመዳፍ ስፋት ያላት ሰፌድ ትበቃለች። ሥራው የሹክር ሥራ ይሁን። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ዙር ይስፋ፤ እየሰፋም በዚያ ዓመት ማን ምን እንዳደረገለት፣ ለማን ምስጋና እንዳለበት ይናገር። ሐሳቤ ይኸው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ደግሞ ላስረዳ።

እኔ ያደግኩት አምበር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። እናቴ ስፌት ትሰፋለች። ሰፌዱም፣ ሙዳዩም፣ ሌማቱም ቤታችን ውስጥ እንደማንኛውም የማጀት ዕቃ የሚታይ እንጂ ጥበብ ነው ተብሎ የሚወራለት አልነበረም። አንድ ሞሰብ ግን ነበረን፤ እናቴ ከማግባቷ በፊት የሰፋችው ነው። ለእንግዳና ለዒድ ብቻ ይወጣል፤ ሌላ ጊዜ ሳሎኑ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል።

ባለፈው ዒድ የላስቲክ አበባ ገዝቼላት ገባሁ። ተቀብላ መርቃኝ ያን ጥግ ላይ አቆመችው። ሞሰቡ ከቦታው እንደሌለ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። «ሞሰቡ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቅ እናቴ ዝም አለች፤ የመለሰችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ጊዜ ተሸጠ» አለችኝ። መሳፈሪያዬ፣ ብርድ ልብሴና የመጀመሪያው ወር የኪስ ገንዘቤ የመጣው ከዚያ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ያ ጥግ ባዶ መሆኑን አላየሁም።

ማታ ላይ «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ምኑን ልንገርህ ልጄ? ሞሰብማ ይሰፋል» አለችና ወስፌዋን አነሣች። ሌላ የምለው ስላጣሁ ከአጠገቧ ተቀምጬ «እስቲ አሳዪኝ» አልኩ። ስቃ «ወንድ ልጅ ስፌት?» አለች፤ ቢሆንም ሰጠችኝ። የሰፋሁት የመጀመሪያው ዙር የተጣመመ ነው። እህቴ ሁለተኛውን ሰፋች፤ አባቴ እንኳን ሲያየን ቆይቶ መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ። እረፍቴ ሳያልቅ አንዲት ትንሽ ሰፌድ ወጣች። እጃችን ሥራ ላይ እያለ የተነጋገርነው ነገር፣ በመላ ዕድሜዬ ከቤተሰቤ ጋር ተነጋግሬው የማላውቀው ነበር። እናቴ ስለ እናቷ፣ አባቴ ሲታመም ስላስታመሙት ጎረቤቶች፣ እህቴም እኔ ከሄድኩ በኋላ የኔ ሥራ ሁሉ በእሷ ላይ እንደወደቀ አወሩ። ይህን የምነግራችሁ ታሪኬ የተለየ ስለሆነ አይደለም። በየዶርሙ ብንጠያየቅ ከእያንዳንዳችን ጀርባ አንድ የተሸጠ ነገር ይኖራል፤ በግ ይሆናል፣ ጌጥ ይሆናል፣ የእህት የትምህርት ዕድል ይሆናል።

አሁን ወደ ዲናችን ልመለስ። በሱረቱ ሰበእ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ) የነብዩ ዳውድንና የነብዩ ሱለይማንን (ዓለይሂመሰላም) ታሪክ ያወሳል። ለዳውድ ብረት እንደተለሰለሰላቸው፣ የጦር ጥሩር እንዲሠሩና ቀለበቶቹን በልክ እንዲያያይዙ እንደታዘዙ እናነባለን። ከዚያ ለሱለይማን ስለተሠሩት ነገሮች ይነገራል፤ ከእነዚህም መካከል እንደ ገንዳ የሰፉ የምግብ ገበታዎችና ከቦታቸው የማይነቃነቁ ድስቶች አሉ። ወዲያው በዚያው አያ (34፥13) ላይ ትእዛዙ ይመጣል፤ የዳውድ ቤተሰቦች ሹክርን እንዲሠሩ ይታዘዛሉ። ከባሮቹም መካከል አመስጋኞቹ ጥቂቶች መሆናቸው ይነገራል።

ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ትእዛዙ «አመስግኑ በሉ» ብቻ አይደለም፤ የተጠቀሰው ቃል ሥራ ነው። ዑለማዎቻችንም ሹክር በልብ፣ በአንደበትና በአካል ይፈጸማል የሚሉት ለዚህ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እግራቸው እስኪያብጥ ሌሊት ሲሰግዱ ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ተጠይቀው፣ አመስጋኝ ባሪያ መሆን እንደሚገባቸው ነበር የመለሱት። ሁለተኛ፣ የተጠራው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ሹክር በቤተሰብ ደረጃ የሚሠራ ነገር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አያው ስለ ስፌት የወረደ አይደለም፤ የሹክር ሥራ የሚባለው ከሁሉ በፊት አላህን መታዘዝ ነው። ሶላቱን ያልጠበቀ ሰው ሰፌድ በመስፋት አመስጋኝ አይሆንም። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ሹክር ሥራ ከሆነ፣ ወላጅን ማስደሰትና ውለታቸውን ማስታወስም ከሥራው አንዱ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የማያመሰግን ሰው አላህንም እንደማያመሰግን አስተምረዋል። ከሰዎች ሁሉ ደግሞ እናትና አባት ይቀድማሉ፤ በሱረቱ ሉቅማን ውስጥ ለአላህ ማመስገንና ወላጆችን ማመስገን አንድ ላይ ታዝዘዋል።

ሐቁን እንናገር፤ እኛ ደጋ ያደግን ልጆች ወላጆቻችንን ማመስገን አንችልበትም። ለኡስታዛችን «ጀዛከላሁ ኸይር» እንላለን፤ ማስታወሻ ላዋሰን ጓደኛ እንላለን፤ ካፌ ውስጥ ወረፋ ለለቀቀልን እንላለን። እናታችን ፊት ግን ቃሉ አፋችን ላይ ይደርቃል። ዓይን ለዓይን ተያይቶ «አመሰግንሻለሁ» ማለት እንደ ባዕድ ነገር ያሳፍረናል፤ እሷም ብትሆን «ምን ሆነ ልጄ?» ብላ ትደነግጣለች። ለዚህ ነው ሥራው የሚጠቅመው። ዓይን ወስፌው ላይ፣ እጅ ሣሩ ላይ ሲሆን አንደበት ይፈታል። የሚያሳፍረው ቃል ሳይከብድ ይወጣል። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ፣ ቡና ሲለቅሙ፣ ስፌት ሲሰፉ ነው ልባቸውን የሚያወሩት።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱም የእኛው የደጋው ሙስሊሞች ታሪክ ነው። በዚህ አገር ለረጅም ዘመን ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን አይችልም ነበር። መሬት የተከለከለ ሰው እጁ ይቀረዋል። ስለዚህ አያቶቻችን ሸማኔና ነጋዴ ሆኑ፤ እናቶች ፈተሉ፣ አባቶች ሸመኑ፣ የሸመኑትን ገበያ አወጡ። ለዚህ ሥራቸው ያገኙት ክብር አልነበረም፤ የእጅ ሠራተኛ ሁሉ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መናገር ደርሰዋል። ርስትን የሻረው የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና የእኩልነት ደጋፊ የሆኑ ክርስቲያን ወገኖች አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ከወጡባቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን እንደ ሌላው በዓል እንዲከበሩ ነበር። ዒደል ፊጥር፣ ዒደል አድሐና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው የተዘጉት ከአብዮቱ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ትምህርት ተዘግቶ ቤታችን የምንገባበት ዒድ በአገሪቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ከገባ የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ ነው። እስከዚያ ድረስ ዲኑን ጠብቀው ያቆዩልን ሰዎች በእጃቸው ሠርተው የበሉ ናቸው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ከእጁ ሥራ ከሚበላው የተሻለ ምግብ በልቶ እንደማያውቅ፣ ነብዩ ዳውድም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነግረውናል። በስድብ ስም ይጠራ የነበረው ሥራ በዲናችን ሚዛን ይህን ያህል ይከብዳል። ስለዚህ በዒድ ማዕዳችን ላይ በእጅ የተሠራ አንድ ነገር ሲቀመጥ፣ ለእነሱም ምስጋና ነው። ስፌት የእኛ ባህል አይደለም የሚል ካለ ደግሞ ሐረርን ያስታውስ። የሐረሪ ሴቶች የሰፉት ስፌት የቤታቸውን ግድግዳ ሞልቶ ይሰቀላል፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይሸጋገራል።

ከወንድሞችና ከእህቶች ጋር ስንወያይ የተነሡ ጥያቄዎች አሉ፤ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም።

የመጀመሪያው «ይህ ነገር ቢድዓ አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማንም ሰው ሰፌድ መስፋት የዒድ ሱና ነው፣ የተለየ አጅር አለው ብሎ ካመነ ተሳስቷል። የዒድ ሱናዎች የታወቁ ናቸው፤ መታጠብ፣ ያለንን ጥሩ ልብስ መልበስ፣ ተክቢራ ማድረግ፣ ለዒደል ፊጥር ከመውጣት በፊት በነጠላ ቁጥር ተምር መብላት፣ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መመለስ። ሰፌዷ ግን ዕቃ ናት። የልማድ ነገር መነሻው የተፈቀደ መሆኑን በፊቅህ ተምረናል። እንዲያውም ለሱናው ታገለግላለች፤ ሦስቱን ተምር የምናስቀምጥባት እሷ ላይ ነው። ስሙንም ቀኑንም ከሌላ ሃይማኖት አልተዋስንም። በዚህ አጋጣሚ የረመዷን የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች ለዚህ እንዳናባክን አደራ እላለሁ። ወይ ከዚያ በፊት ከዐስር በኋላ ባለው ሰዓት፣ ወይ ከዒድ በኋላ ለሚቀጥለው ዒድ ይሠራ።

ሁለተኛው «ስፌት የሴት ሥራ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ወንድሞች ብቻ አይደሉም፤ እናቴም ብላዋለች። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ ልብሳቸውን እንደሚሰፉና ጫማቸውን እንደሚጠግኑ ተናግረዋል። ከእሳቸው በላይ ወንድ ማን ነው? የሸማኔ ልጅ ሆኖ ክር መንካት የሚያሳፍረው ሰውም አባቱን ነው ያሳፈረው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወንድሞች ካልተቀመጥን፣ ይህ ሐሳብ በዒድ ዋዜማ ድፎው፣ ወጡና ጽዳቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ በእናቶችና በእህቶች ላይ ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ ምስጋና ሳይሆን ሸክም ነው፤ ቢቀር ይሻላል።

ሦስተኛው «ገዝተን ብንወስድ ምን አለበት?» የሚል ነው። ምንም የለበትም። የአምበርም ሆነ የማርቆስ እናቶች የሰፉትን ገዝቶ የሚወስድ ሰው ሥራቸውን ደግፏል፤ አላህ ይቀበለው። እኔ የምለው የተገዛው ዕቃ ያንን ንግግር አያመጣም ነው። ያቺ የኛ ሰፌድ ገበያ ብትወጣ የሚገዛት አይገኝም፤ ጠማማ ናት። እናቴ ግን የማንኛው ዙር ማን እንደሰፋው ታውቃለች።

አራተኛው ጥያቄ ልቤን የነካው ነው። «ቤት መግባት ላልቻልነውስ?» አለኝ አንድ ወንድም። ባለፉት ዓመታት መንገዱ አስጊ ሆኖ ዒድን ግቢ ውስጥ ያሳለፍን ብዙ ነን። ስልኩም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ቤተሰብ የሆነን ማን ነው? ዶርም ያለው ወንድማችን፣ ከዘካተል ፊጥሩ አስቦ የላከልን የከተማው ጀመዓ፣ ምግብ ይዛ የመጣች እናት። ስለዚህ ግቢ የቀረነውም እንሥራ። እያንዳንዱ አንድ ዙር ሰፍቶ ለቤተሰቡ ዱዓ ያድርግ፤ መንገዱ ሲከፈት ሰፌዷ ለመጀመሪያው ሰው ትሰጥና እናቱ ጋ ትድረስ። ወይም ለዚያች ምግብ ላመጣችልን እናት እንውሰድላት።

ስለ ጎረቤቶቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ዒድ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያን ጎረቤት መጥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፣ እኛም በገናና በፋሲካ እንሄዳለን። ሥጋ ላይ ግን እንለያያለን፤ እነሱ የእኛን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዒደል ፊጥር በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለዋለ ቅቤውም ወተቱም ቀርቷል። አባቴ ሲታመም ሌሊት ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱት ሰዎች ለዒድ መጥተው ቡና ብቻ ጠጥተው ሲሄዱ እናቴ ይከብዳት ነበር። በእጅ የተሰፋች ትንሽ ሙዳይ ግን ጾም አይከለክላትም፣ እርድም አይለያትም። ለጎረቤት ውለታ ከዚህ የተሻለ ምስጋና አላውቅም።

አሁን ደግሞ አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው አክርማና ስንደዶ፣ አንድ ወስፌ፣ ከተፈለገ ቀለም ነው። ሣሩ የሚለቀመው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጳጉሜና በመስከረም አካባቢ ነው፤ ዒድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ ሁልጊዜ እርጥብ ሣር አይገኝም። ችግር የለውም፤ ደርቆ የተቀመጠው በእስር ተደርጎ ገበያ ይሸጣል፣ የስፌት ባለሙያ ቤት ደግሞ አይጠፋም። ደረቁን ሣር ከመስፋት በፊት በውኃ ማራስ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ይሰበራል። ቀለም የሚገባውም ለብቻው ተነክሮ ይደርቃል።

ጅማሬው ከባዱ ነው፤ ትንሽ ሣር እንደ ሳንቲም ክብ አድርጎ ማዞርና ማሰር። ይህን እናት ወይም አያት ትጀምረው። ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ነው፤ ያለፈውን ዙር በወስፌ መብሳት፣ መጠምጠሚያውን ሣር በቀዳዳው ማሳለፍ፣ ጠበቅ አድርጎ መሳብ። ውስጥ የሚገባው ሣር ውፍረቱ እኩል እንዲሆን እያዩ መጨመር ያስፈልጋል፤ ከቀጠነ ዙሩ ይጎብጣል። ትናንሽ ልጆች ወስፌ አይያዙ፤ እነሱ ሣሩን ያርጥቡ፣ ቀለሙን ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቀለም ቢሰጥ ዙሩ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ለጀማሪ ቤተሰብ የመዳፍ ስፋት ያላት ሰፌድ የበርካታ ቀን የማታ ሥራ ናት፤ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። መቸኮሉ የመጣንበትን ወሬ ያጠፋል።

ስፌት የሚችል ሰው የሌለበት ቤትስ? ያላችሁን ያዙ። ጥጥ የሚፈተልበት ቤት ለዳቦው መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ ጫፉን አብሮ መቋጨት ይችላል። ሸክላ የሚሠሩ ጎረቤቶች ያሉት ሄዶ ይማር። ሌላው ቢቀር ዘካተል ፊጥር የሚሰፈርባትን አሮጌ ቁና አብሮ መጠገን አለ፤ አንድ ሷዕ እህል ለሚስኪን ከምትሰፍርልን ዕቃ የበለጠ ለዒድ የቀረበ ዕቃ የለም።

ሦስት ማሳሰቢያ ብቻ ላክል። ኢስራፍ አይግባበት፤ የጌጥ ውድድር ከሆነ ዓላማው ጠፍቷል። ሪያእ አይግባበት፤ ቤተሰባችን ያወራውን ምስጋና ቀርጸን ቲክቶክ ላይ አንልቀቀው፤ እናቶቻችን ያን ያወሩት ለእኛ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሰፌዷ የገንዘብና የጉልበት እርዳታን አትተካም። ሰፌድ ሰፍቶ እናቱን ውኃ የሚያስቀዳ ልጅ ሰፌዱን ይዞ ይሳቅበታል።

ለጀመዓችን ኮሚቴም ጥያቄ አለኝ። ከሚቀጥለው እረፍት በፊት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ይመደብልን። ስፌት የሚችሉ እህቶች ለእህቶች፣ የሚችል ወንድም ካለም ለወንድሞች፣ ጅማሬውን ያሳዩን። ወስፌውና ሣሩ ከማርቆስ ገበያ በትንሽ መዋጮ ይገዛል። እውቀቱ ግቢያችን ውስጥ አለ፤ ስንቶቻችን የሰፊ ልጆች እንደሆንን አንነጋገርም እንጂ። አንድ እህት እናቷ ሰፊ መሆኗን በምዝገባ ወረቀት ላይ «የቤት እመቤት» ብላ እንደሞላች ነግራኛለች። እኔም እንደዚያው ነው የሞላሁት።

የተሸጠው ሞሰብ አይመለስም። የገዛው ሰው ማን እንደሆነ እናቴም አታውቅም። አሁን አዲስ ጀምራለች፤ ሲያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ አልጠየቅኳትም። ዘንድሮ ለዒድ ስገባ ብስኩት ላለመግዛት ወስኛለሁ። ሁለት እስር ስንደዶ ይዤ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ። ማታ ማታም ከአጠገቧ እቀመጣለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ከጥቂቶቹ አመስጋኞች ያድርገን፤ ወላጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ያለፉትን ይማርልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።

ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም።